«ካሳ» ዣንጥላ መሆኑን በቃሌ ይዣለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አፌ ተሳሰረ

ጀማሪዋ ከቀበና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን ሁለቱን የፊደል ገበታዎች ጨርሻለሁ። የቤት ዕቃ ስሞችን ደግሞ በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፌ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አጠናለሁ፦ ትራስ ማኩራ፣ መቀስ ሃሳሚ፣ ማንቆርቆሪያ ያካን፣ ቁልፍ ካጊ፣ ዣንጥላ ካሳ። ብትጠይቁኝ አንዱንም አልስትም።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ የክረምቱ ዶፍ ወረደ። ለሥልጠና ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጡ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዣንጥላቸው ተጠቅልሎ በእጃቸው ነው። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበርና ቀረብ ብዬ «ካሳ ኦ አኬቴ ኩዳሳይ» አልኳቸው። ዣንጥላውን ይክፈቱ ማለቴ ነው። «አኬሩ» መክፈት ነው ብዬ ተምሬያለሁ። እሳቸው ለአፍታ ዣንጥላቸውን አዩት፣ ፈገግ አሉና «አ፣ ካሳ ኦ ሳሺማሾ ካ» ብለው ዘረጉት፤ እኔንም አስጠልለው እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣኝም። «ሳሺማሾ» ያሉት ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ሳገላብጥ የዚያ ቃል ሥር የሆነው «ሳሱ» የሚለው ግስ አጠገብ የጻፍኩት ትርጉም «መውጋት» ይላል። ዣንጥላ ይወጋል? ስሙን በትክክል እያወቅኩ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር መሥራት ያቃተኝ ለምንድን ነው? ስም እንዴት ነው የምትማሩት? እባካችሁ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

ዮኮሃማ ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

አይዞሽ እህቴ። ያልሽውን ሰውየው ተረድተዋል፤ ተረድተውም ትክክለኛውን አባባል በጨዋነት መልሰው ሰጥተውሻል። ጃፓኖች ብዙ ጊዜ የሚያርሙት እንዲህ ነው፤ ስህተትሽን አይነግሩሽም፣ ትክክለኛውን ራሳቸው ይሉታል። ያሉሽም «ዣንጥላውን ልያዝልዎ?» ነው።

«አኬሩ» ለበር፣ ለመስኮት፣ ለሣጥን ነው። ዣንጥላ ሲሆን «ካሳ ኦ ሳሱ» ይባላል። ዘርግቶ ከራስ በላይ መያዝ ማለት ነው፤ መዘርጋቱንም መያዙንም በአንድ ቃል ይዟል። መዘርጋቱን ብቻ ለመናገር ከፈለግሽ «ሂራኩ» አለ። መዝጋት «ቶጂሩ»፣ ማጠፍ «ታታሙ» ነው። ወለል ላይ የሚነጠፈው የጃፓን ምንጣፍ «ታታሚ» የተባለው ከዚሁ «ታታሙ» ነው። በቦርሳ የሚያዘው ታጣፊው ዣንጥላም «ኦሪታታሚጋሳ» ነው። «መውጋት» ያልሽው «ሳሱ» በድምፅ አንድ ቢሆንም የሚጻፍበት የቻይና ምልክት ሌላ ነው፤ ለዣንጥላው አታምጪው።

እኔ ይህን ቃል የተማርኩት በመጀመሪያው ሰኔ ነው። እዚህ «ትሱዩ» የሚሉት የዝናብ ወቅት ቶኪዮና ዮኮሃማ አካባቢ በሰኔ መጀመሪያ ገብቶ ሐምሌ አጋማሽ አልፎ ይወጣል። የእኛን ክረምት የሚመስለው በወሩ ነው እንጂ በጠባዩ አይደለም። መብረቅና ዶፍ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የሚያረጥብ፣ ልብስ የማያደርቅ፣ ዳቦ የሚያሻግት ዝናብ ነው። ሱቅ ስትገቢ በሩ ላይ «ካሳታቴ» ታያለሽ፤ ዣንጥላ የሚቆምበት መደርደሪያ ነው። ዣንጥላሽን እዚያ ትተሽ ትገቢያለሽ።

አንድ ቀን ምሳ በልቼ ስወጣ የኔ የለም። ርካሹ ባለ ነጭ ፕላስቲክ ዣንጥላ፣ «ቢኒሩጋሳ» የሚሉት፣ ውስጡን አሳልፎ የሚያሳይ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሃያ የሚሆኑ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ ቆመዋል። ሰው በስህተት የኔን ወስዶ የራሱን ትቶ ሄዷል። አስተናጋጇን ለመጠየቅ ስሙን አውቃለሁ፤ «ካሳ»። ግን «ዣንጥላዬ የለም» እንዴት ይባላል? «የተሳሳተ ሰው ወስዶታል» እንዴት ይባላል? ቆሜ «ካሳ... ካሳ...» ስል እሷ የተረፈውን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጀታው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ከማንም ዣንጥላ ጋር ተምታቶብኝ አያውቅም።

ቃል ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ለእኔ «ካሳ» ከሁሉም ቃል ቀድሞ የገባኝ ነው። በአማርኛ ካሳ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለተጎዳ ሰው የሚከፈል ነው። ልጅ ለሞተባት እናት ቀጥሎ የሚወለደውም «ካሳ» ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሳ ምርጫ ነበሩ። እኔ «ዝናብ ላበላሸብኝ ቀን ካሳዬ ይህ ዣንጥላ ነው» ብዬ ያዝኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶኝ አያውቅም። አማርኛ ለሚናገር ሰው እንዲህ ያለ መንጠቆ ብዙ አለና እህታችን ተጠቀሚበት።

መምህር ዘፊደል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

የወንድሜን መንጠቆ አልነቅፍም። ቃሉን ለመጀመሪያው ሳምንት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ግን እንቅፋት ይሆናል፤ ምክንያቱም «ካሳ» ባሉ ቁጥር በአእምሯችሁ ውስጥ የሚመጣው ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማ ሲያስታርቅ ይሆናል። ጃፓንኛው ቃል ሲጠራ መምጣት ያለበት ዝናብና እርጥብ እጀታ ነው። የዮኮሃማው ወንድማችን ያችን ቃል የማይረሳት ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስለተቸገረባት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ስሙን ያጠናሽው ለብቻው ነው፤ ችግሩም እዚያ ነው። በራሳችን ቋንቋ ላሳይሽ። ሸሚዝ ይለበሳል። ባርኔጣስ? ይደፋል። ቀበቶ ይታጠቃል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ቀለበት ይጠለቃል፣ ጫማ ይጫማል። አንድ የውጭ ሰው መጥቶ «ቀበቶ ለበስኩ» ቢለን እንረዳዋለን፤ ግን እንደ መሐንዲሱ ፈገግ እንላለን። ጃፓንኛም በዚህ ነገር የእኛው ዘመድ ነው። ከወገብ በላይ ለሚለበስ «ኪሩ»፣ ከወገብ በታች ለሚገባ ሱሪና ለጫማ «ሃኩ»፣ ለባርኔጣ «ካቡሩ»፣ ለመነጽር «ካኬሩ»፣ ለቀበቶ «ሺሜሩ» ይላሉ። «ካቡሩ» ማለት «መድፋት» ነው ብትዪ ብዙም አትስቺም።

አሁን ወደ ዣንጥላችን። ጃፓንኛ ውስጥ ሁለት «ካሳ» አለ። አንዱ ዣንጥላው ነው። ሌላው ከሣር ወይም ከቀርከሃ የተሠራ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ገበሬና መንገደኛ ለፀሐይም ለዝናብም የሚደፋው ሰፊ ባርኔጣ ነው። በቶኪዮ አነጋገር ሁለቱ በዜማም አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ብቻ ይለያያሉ። ታዲያ ሰው ሲናገር በምን ይለያል? በግሱ ነዋ! «ካሳ ኦ ሳሱ» ካለ ዣንጥላ ነው፣ «ካሳ ኦ ካቡሩ» ካለ ባርኔጣው ነው። ስሙ ብቻውን ግማሽ ቃል ነው። ስለዚህ ካርድሽ ላይ «ካሳ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ካሳ ኦ ሳሱ» ብለሽ ጻፊ። «ኦ» የምትለዋ የእኛ «ን» ናት፤ «ዣንጥላን» እንደማለት።

ሁለተኛው ካሳ የሚገኝበት የታወቀ ተረት አላቸው። አንድ ድሃ ሽማግሌ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ባርኔጣ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥለት ይመለሳል። መንገድ ዳር በረዶ የወረደባቸው ስድስት የድንጋይ ሐውልቶች ያገኛል፤ «ጂዞ» የሚሏቸው የመንገደኛና የሕፃናት ጠባቂዎች ናቸው። አዘነላቸውና ባርኔጣዎቹን አንድ በአንድ ደፋላቸው፤ ለመጨረሻው ሲጎድልበት የራሱን ጨርቅ አወለቀለት። ሌሊት ጂዞዎቹ ለአዲስ ዓመት የሚሆን ምግብ ደጁ ላይ አኑረውለት ሄዱ። የጃፓን ልጅ «ካሳ ኦ ካቡሩ» የሚለውን የሚያውቀው ከእንዲህ ያለ ታሪክ ነው።

ሰሎሞን ዘ22
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡45

መምህር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ለጀማሪ ይህ ሁሉ በዛ። እኔ ለስኮላርሺፕ ፈተና ስዘጋጅ በመጀመሪያ ስምንት መቶ ስም ብቻ ሸመደድኩ፤ ግሱና ሰዋስዉ በኋላ መጣ። ስም ካለሽ በእጅ ምልክትም ትግባቢያለሽ። ሰውየው ተረድተዋታል፣ ዝናቡም አልመታትም። ይህ ምኑ ውድቀት ነው? ስሙን አብዢ እህቴ፣ ሌላው ይደርሳል።

መምህር ዘፊደል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ወንድም ሰሎሞን፣ ስም መብዛቱን አልጠላሁም። ግን ስምንት መቶ ስም በእጁ ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት ያልቻለ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ያስተማርኳቸውም ናቸው። ጡብ ከምሮ ጭቃ የሌለው ሰው ቤት አይሠራም። ከስሙ ጋር አንድ ግስ ብቻ መጨመር ካርዱን አያከብደውም፤ ሦስት ፊደል ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ቶኪዮ ካቱሺካ ወረዳ ነው የምኖረው፤ እዚህ እኛ ሐበሾች ሰብሰብ ብለን የምንኖርበት ሰፈር ነው። መምህር ስለ ግሱ ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ላንሳ። መቁጠር!

ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ዝናብ የጣለ ቀን ሦስት ዣንጥላ ይዤ ልቀበላት ሄድኩ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለሷ፣ አንድ ለጓደኛዋ። ለመምህርቷ «ካሳ ሳን» አልኩ፤ «ሳን» ሦስት ነው ብዬ። መምህርቷ ግራ ገባት፤ «ሳን» ሰው ሲከበር ከስም ኋላ የሚገባ ቃልም ነውና «ወይዘሮ ዣንጥላ» ያልኩ መሰላት። ልጄ ከኋላ ሆና በቀስታ «እማዬ፣ ሳንቦን ነው የሚባለው» አለችኝ።

ረጅምና ቀጭን ነገር ሁሉ፣ እርሳስ፣ ጠርሙስ፣ ዛፍ፣ ዣንጥላ፣ «ሆን» በሚል ቃል ይቆጠራል። ግን ከቁጥሩ ጋር ሲገጥም መልኩን ይለውጣል፦ አንድ ኢፖን፣ ሁለት ኒሆን፣ ሦስት ሳንቦን፣ አራት ዮንሆን፣ አምስት ጎሆን፣ ስድስት ሮፖን። መጀመሪያ ላይ አስለቀሰኝ። በኋላ እናቴ ሽንኩርት ቤት ስትልከኝ የምትለው ትዝ አለኝ፦ «ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ እንቁላል፣ አንድ ዛላ በርበሬ»። እኛም እኮ ባዶ ቁጥር አንጠራም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ጃፓኖቹ አስቸጋሪ መስለው አልታዩኝም።

ልጄ ያኔ የሳለችው ሥዕል አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ አንድ ዓይን፣ አንድ እግር፣ ረጅም ምላስ ያለው አሮጌ ዣንጥላ። «ካራካሳ ኦባኬ» ይሉታል፤ ዕቃ ብዙ ዘመን ከኖረ ነፍስ ይዘራል ከሚል የድሮ እምነታቸው የመጣ ነው። መጀመሪያ ሳየው አማተብኩ። እሷ ግን እየሳመችው ነው ያሳየችኝ።

ቃል ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ መልክ መለወጥ ካነሱ አይቀር እኔም የሚያደናግረኝ አለ። የፀሐይ ዣንጥላ «ሂጋሳ» ነው፤ «ካ» የት ሄዳ «ጋ» ሆነች? ኦሪታታሚጋሳም እንዲሁ። መምህር ይህን ቢያስረዱን።

መምህር ዘፊደል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ጥሩ አይተሃል። «ሬንዳኩ» ይባላል። ሁለት ቃላት ሲጣበቁ የሁለተኛው ቃል የመጀመሪያ ድምፅ ይጎላል፦ «ከ» «ገ» ይሆናል፣ «ሰ» «ዘ»፣ «ተ» «ደ»፣ «ሀ» ደግሞ «በ»። ሂ (ፀሐይ) እና ካሳ፣ ሂጋሳ። የዝናብ ዣንጥላ ግን ከሁሉም ታምራለች። ዝናብ «አሜ» ነው፤ ከካሳ ጋር ሲገጥም «አማጋሳ» ይሆናል። ሁለቱም ቃላት ስፌቱ ላይ ተለወጡ፤ አሜ «አማ»፣ ካሳ «ጋሳ»። ይህን ስናይ መደንገጥ የለብንም። ግእዛችን «ቤት»ን ከ«መንግሥት» ጋር ሲያጋባ «ቤተ» ያደርገው የለ? ቃል ሲጋባ መልኩን ትንሽ ይለውጣል፤ እነሱ ሁለተኛውን፣ ግእዝ የመጀመሪያውን።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሁለተኛው ቃል ውስጥ አስቀድሞ እንደ «ገ»፣ «ዘ»፣ «ደ»፣ «በ» ያለ ጎላ ያለ ድምፅ ካለ አይለወጥም። እህታችን ካርዷ ላይ «ካጊ» ብላ ቁልፍን ጽፋለች። ተመሳሳይ ሆኖ የተቀረጸ ሁለተኛ ቁልፍ «አይካጊ» ነው፤ «አይጋጊ» አይባልም፣ «ጊ» አስቀድማ ቦታውን ይዛለችና። «ካሳታቴ»ም ሳይለወጥ ቀርቷል፤ «ዣንጥላን ማቆሚያ» በሚል ዓይነት ስምና ግስ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ አይጎላም። «ካራካሳ»ን ግን እንዳለ መያዝ ነው።

ስለ ድምፅ ካወራን ፊደላችን ምን ያህል እንደሚረዳ ልንገራችሁ። የጃፓንኛ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ አምስቱም ከኛ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል፦ ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ግእዝና ሳድስ ብቻ ይተርፋሉ። ሳድሱም ቢሆን ሥራ አያጣም፤ «ማሱ» ተብሎ የሚጻፈው በተለምዶ አነጋገር መጨረሻው ስለሚዋጥ «ማስ» ብለን ብንጽፈው ለጆሮ ይቀርባል። ማጥበቅና ማላላትም አላቸው። «ኪቴ» ላልቶ «መጥቶ» ነው፤ ጠብቆ የፖስታ ቴምብር ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል እንደምንለው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለመስማት ወራት ሲፈጅበት አይቻለሁ፤ ሐበሻ በመጀመሪያው ቀን ይሰማዋል። የእትዬ «ኢፖን» እና «ሮፖን» ውስጥ ያለችው «ፖ» ጠብቃ ናት፤ ፊደላችን አያሳያትም እንጂ የጃፓኑ በትንሽ ምልክት ያሳያታል። ለዚህ ነው ድምፁን በፊደላችን ያዙ፣ ጽሕፈቱን ግን ከመጀመሪያው በሂራጋና ልመዱ የምለው።

የሚያስቸግረን ዜማው ነው። «ሃሺ» የሚለውን ውሰዱ፤ ይህም የየቤቱ ዕቃ ነው፣ የሚበላበት ጥንድ እንጨት። በቶኪዮ «ሃ» ከፍ «ሺ» ዝቅ ሲል የመብያው እንጨት ነው። «ሃ» ዝቅ «ሺ» ከፍ ሲል ድልድይ ነው። ጠርዝ የሚለው ቃልም ዝቅ ብሎ ከፍ ይላል፤ ከድልድዩ የሚለየው ከኋላው የምትመጣው ትንሽ ቃል ከፍ እንዳለች በመቅረቷ ነው። ኪዮቶና ኦሳካ ስትሄዱ ደግሞ ድልድዩና እንጨቱ ዜማ ይለዋወጣሉ! ስለዚህ አትጨነቁበት፤ አገሬው ራሱ በዓረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። ድልድይ ይሻገሩታል፣ እንጨቱን ይይዙታል። እንደገና ወደ ግሱ መጣን።

ዮኮሃማ ነዋሪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

መምህር ድልድይ ሲሉ ትዝ አለኝ። ቶኪዮ ውስጥ ኢዳባሺ የሚባል ሰፈር አለ፤ መጨረሻው «ባሺ» ድልድይ ነው፣ በሬንዳኩ የተለወጠ። የቶኪዮ ፖሊስ የጠፉ ዕቃዎች ማዕከል እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ዣንጥላ ተገኝቶ ገብቶለታል። ባለቤቱ መጥቶ የሚወስደው ከመቶ አንድ ያህሉ ነው። አንድ ጊዜ ባቡር ላይ የረሳሁትን ቦርሳ ልወስድ ገብቼ አይቻለሁ፤ ዣንጥላዎቹ የተገኙበት ቀን ተንጠልጥሎባቸው እንደ ማሽላ አገዳ ተደርድረዋል። «ዋሱሬሞኖ» የሚለውን ቃል፣ ተረስቶ የቀረ ዕቃ ማለት ነው፣ የተማርኩት እዚያ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው።

እህቴ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ልስጥሽና ተለማመጂው፦ «ካሳ ኦ ሞቴ ኢማስ ካ?» ዣንጥላ ይዘዋል? «ሞቴ» ጠብቆ ይነበባል።

መምህር ዘፊደል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡15

ይህን ዓረፍተ ነገር በመስጠትህ ተባረክ፤ እኔ ራሴ ላነሳው ፈልጌ ነበር። «ሞቴ» ማለት «ይዞ» ነው። «ኢማስ» ማለት «አለ» ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ይዞ አለ»፣ ማለትም «ይዟል»። እስኪ አማርኛችንን ፍቱት፤ «ይዟል» ራሱ ከ«ይዞ» እና ከ«አለ» የተሠራ አይደለም? «ካሳ ኦ ሞቴ ኢማስ»፣ ዣንጥላን ይዟል። ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ግሱ መጨረሻ ላይ። ሺህ ፍርስንግ ርቀው የኖሩ ሁለት ቋንቋዎች እዚህ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ዣንጥላ ይዞ ወጣ» ለማለትም «ካሳ ኦ ሞቴ» ብለሽ «ወጣ»ን መጨመር ነው። ይህን የምታውቅ ኢትዮጵያዊት ተማሪ ሌላው የሚዳክርበትን ምዕራፍ በአንድ ከሰዓት ታልፈዋለች።

የቅርስ ወዳጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡00

ውይይቱን ከመጀመሪያው ሳነብ ቆየሁ። ስለ ዕቃው ታሪክ ማንም ስላላነሳ ትንሽ ልበል።

ዣንጥላ ጃፓን የገባው ለዝናብ ሳይሆን ለክብር ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ቡድሂዝም ከኮሪያ ልሳነ ምድር ሲመጣ አብሮ የመጣው «ኪኑጋሳ» ነው፤ «ኪኑ» ሐር ነው፣ የሐር ጥላ። በመሳፍንትና በቅዱስ ምስል ላይ ይዘረጋ ነበር። የኛስ? ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ድባብ ምንድን ነው? «ጃንጥላ» የሚለው ስማችንም «ጃን» ከሚለው፣ በጃንሆይና በጃንሜዳ ውስጥ ካለው፣ እና ከ«ጥላ» ተገጥሞ የንጉሥ ጥላ ተብሎ ይተረጎማል። ተራው ሰው እጅ የገባው በሁለቱም አገር ቆይቶ ነው። በጃፓን የቀርከሃ አጥንት ያለው፣ በዘይት የታሸ ወረቀት የለበሰው ዣንጥላ ዛሬም በዋናነት ጊፉ ከተማ ይሠራል።

«ካሳ» የሚጻፍበትን የቻይና ምልክት ደግሞ አንዴ ያየ አይረሳውም። ከላይ ሰፊ ጣራ፣ መሐል የሚወርድ እጀታ፣ ከጣራው ሥር ደግሞ አራት ትንንሽ ሰዎች ተጠልለዋል። 12 ጭረት ነው። የምልክቱ አጭር አጻጻፍ «ስምንት» እና «አሥር» የሚሉትን ቁጥሮች አንዱን ባንዱ ላይ የደረበ ስለሚመስል ጃፓኖች 80 ዓመት የሞላውን ሰው በዓል «ሳንጁ»፣ የዣንጥላ ዕድሜ ይሉታል። ልጆች ደግሞ ግድግዳ ላይ ዣንጥላ ስለው ከእጀታው ግራና ቀኝ የሁለት ሰው ስም ይጽፋሉ፤ «አይአይጋሳ» ነው፣ በአንድ ዣንጥላ ሥር መሆን። የሚዋደዱ ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡25

ታዲያ እህታችን ከመሐንዲሱ ጋር በአንድ ዣንጥላ ሥር መሄዷን ለጃፓን ጓደኛዋ ስታወራ «አይአይጋሳ» እንዳትል ንገሯት። ልጄ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች በዚህ ቃል ተጣልተው አውቃለሁ።

ጀማሪዋ ከቀበና
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እትዬ፣ የዮኮሃማው ወንድሜ፣ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳችሁ አልነግራችሁም። ወንድም ሰሎሞን፣ ምክርህን አልጣልኩትም፤ የስሞቹን ቁጥር አልቀነስኩም። ካርዶቼን ግን በሙሉ እንደገና ጻፍኳቸው። «ያካን» የሚለው አሁን «ያካን ዴ ኦዩ ኦ ዋካሱ» ሆኗል፣ በማንቆርቆሪያ ውኃ ማፍላት። ትራሱ ገና ግስ አላገኘም።

ዛሬ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ላይ እንደገና ጣለ። ሆን ብዬ ሁለት ዣንጥላ ይዤ ነበር። መሐንዲሱ ዛሬ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በሩ ላይ ሲቆሙ ቀርቤ «ካሳ ኦ ሞቴ ኢማስ ካ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የላቸውም። «ኒሆን አሪማስ» አልኩ፣ ሁለት አለኝ። ጥቁሩን አውጥቼ «ኢፖን፣ ዶዞ» ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ፖዋን አጥብቄያታለሁ።

እሳቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱና አንድ ነገር አሉኝ፤ «ታስካሪማስ»። ዘረጉት፣ እኔም የራሴን ዘረጋሁ፣ ጎን ለጎን እስከ ታክሲው ሄድን። በዚህ ጊዜ ዝም አላልንም፤ አሜ፣ አሜ እያልን ስለ ዝናቡ ስንነጋገር ደረስን። ግን «ታስካሪማስ» ምንድን ነው?

ዮኮሃማ ነዋሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እልል! «ታስካሩ» መዳን፣ ከችግር መውጣት ነው። ሰው የሚያስፈልገውን ነገር በሚያስፈልገው ሰዓት ሲያገኝ «ታስካሪማስ» ይላል፤ «ደረስሽልኝ» እንደምንለው። ከ«አሪጋቶ» ይልቅ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚመጥን እሱ ነው። ካሳው ካርድ ጀርባ ላይ ቦታ ካለሽ እዚያው ጻፊው።